ለወጥ፣ ዛሬ

ማዕዶት አብዮት የምትሄደው ረቡዕ ረቡዕ ነበር፤ ከአራት ሰዓት እስከ አምስት።

ሰኞ የጡረተኞች ተራ ነው፣ ማክሰኞ የተከራዮች። ሐሙስ ደግሞ «ሁሉም ነገር ደህና ነው» የሚሉ ሰዎች ይሰለፋሉ። በ2071 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከሰልፍ አዳራሽ ውጭ የሚቆጣ ሰው አልነበረም። አዳራሹ ንጹሕና ሞቅ ያለ ነው። ወለሉ ላይ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ረጅም ምንጣፍ አለ፤ ሰልፈኛው እሱ ላይ ወጥቶ መፈክሩን እያሰማ አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ ፊት ይራመዳል፤ ሲጨርስ በገባበት በር ይወጣል። ልክ አምስት ሰዓት ሲሞላ አንዲት ለስላሳ የሴት ድምፅ ከጣሪያው «ቁጣዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» ትላለች። ከዚያ ማዕዶት ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

እናቷ ወይዘሮ የሻረግ ግን ረቡዕ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ትይዛታለች።

«በባዶ ሆድሽ እንዳትጮሂ» ትላለች፣ ኪሷ ውስጥ ቆሎ እየከተተችላት።

«እማዬ፣ አብዮት ነው እኮ የምሄደው፤ ሽርሽር አይደለም።»

«አብዮት የሚሄድ ሰው ጉሮሮ የለውም? ሹራብሽስ የታል?»

ልጅቷ ከአሥራ ዘጠነኛ ፎቅ በደረጃ ትወርዳለች። የብሎክ አሥራ አራት ሊፍት ከቆመ አራት ዓመት ሆኖታል። የሻረግ በመስኮቱ ወደ ታች እያየች የማዕዶት ጭንቅላት እንደ ምስር ትንሽ ሆኖ ከበሩ እስኪወጣ ትጠብቃለች።

የማዕዶት ቡድን ስሙ «ግራ» ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት መቶ አርባ አባላት ነበሩት። ከዚያ «እውነተኛ ግራ» ከ«ግራ» ተገንጥሎ ወጣ፤ ከ«እውነተኛ ግራ» ደግሞ «ቀጥ ያለ ግራ» ወጣ። አንደኛው ክፍፍል የመጣው ሰው ሲያጨበጭብ ቀኝ እጁን መጠቀሙ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚል ነበር። አሁን የማዕዶት ቡድን ሦስት ሰው ቀርቶታል። በመሀል ያወጡትን ረጅም ስም የሚያስታውስ ስለጠፋ፣ ስሙ ተመልሶ «ግራ» ሆኗል።

ሦስት ደግሞ ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ሰዉ ከሦስት ሲያንስ የቡድኑ ፈቃድ ይሰረዛል፤ የቀሩትም «ብቸኛ ቁጡ» ተብለው ለሁለት ዓመት ወደ መካከለኛ አስተያየት ማሠልጠኛ ይላካሉ። ማሠልጠኛው ክፉ ቦታ አይደለም። ምግቡ ጥሩ ነው፣ አልጋው ይመቻል ይባላል። የሻረግን የሚያስፈራት ከዚያ የሚመለሰው ሰው ነው። የጎረቤቷ የወይዘሮ አስካለ ልጅ አምና ተመልሷል። እናቱ «ራበህ ወይ?» ስትለው፣ «በአንድ በኩል አዎ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ያልራባቸውንም ማሰብ ያስፈልጋል» ይላታል። ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በሁለቱም በኩል ያስባል።

ማዕዶት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትናደድ አፍንጫዋ ይቀላል። የሻረግ የምትፈራው ያ አፍንጫ ነጥቶ እንዳይመለስ ነበር።

የሻረግ ፊደል መማር የጀመረችው በጆሮዋ የተነሳ ነው። በዚያ ዘመን የሚያነብ ሰው የለም። ሁሉም ጆሮው ላይ ጉትቻ አለው፤ ጉትቻው ዓይን ያረፈበትን ጽሑፍ ያነባል፣ አፍ የተናገረውንም ይጽፋል። የየሻረግ ጆሮ ግን ጉትቻ ባደረገች ቁጥር እንደ ዳቦ ያብጣል። ስለዚህ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ደብተር ይዛ ጋሽ ደምሰው ፊት ተቀመጠች። ጋሽ ደምሰው በሕንፃው ውስጥ ማንበብ የሚችሉ ብቸኛ ሰው ናቸው። ከሃያ ሁለተኛ ፎቅ ወደ አሥራ ዘጠነኛው እየወረዱ ኮሪደሩ ላይ ያስተምሯታል። ጉልበታቸው ሦስት ፎቅ ወርዶ መውጣት ይችላል፤ ሃያ ሁለት አይችልም። አራት ዓመት ሙሉ መሬት አልረገጡም።

«ይህቺ ንጉሡ ሠ ናት» ይሏታል። «ንጉሥ የሚለው ቃል ስለሚጻፍባት ነው። ይህቺ ደግሞ እሳቱ ሰ። ድምፃቸው አንድ ነው፣ መልካቸው ሌላ።»

«ድምፃቸው አንድ ከሆነ ጋሼ፣ ሁለት መሆን ምን አስፈለጋቸው?»

«እኔ አልፈጠርኳቸው። አንቺ ይልቅ ጭረት አትርሺ። ሳድሱን ስትጽፊ ያቺን ትንሽ ጭረት እየዘለልሽ ነው። ጭረት ሲቀር ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል።»

የሻረግም አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች፤ ጭረቱንም ትረሳለች።

በየስድስት ወሩ የሰልፍ ፈቃድ ይታደሳል። ለማሳደስ ሦስት ሰውና አንድ አዲስ መፈክር ያስፈልጋል። መፈክሩ በሰው እጅ መጻፍ አለበት፤ ቁጣው የማሽን አለመሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ድሮ ለሁሉም ቡድን የሚጽፍ አንድ ሰውዬ ነበር፤ በመጨረሻ ከራሱ ጋር ተጣልቶ ተወው። ስለዚህ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የማዕዶት ሁለት ጓዶች አሥራ ዘጠኝ ፎቅ ወጥተው እያለከለኩ ቤት ገቡ። አንደኛው ኪሩቤል ነው፤ ከሲታ፣ ጢሙ ገና ያልሞላ፣ ተቀመጥ ሲሉት የማይቀመጥ ልጅ። ሌላዋ ሶልያና ናት፤ እሷ ሳይሏት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ጓድ እትዬ» አላት ኪሩቤል ለየሻረግ። «‹ሠራተኛው ያሸንፋል› ብለው ይጻፉልን። በትልቁ።»

የሻረግ ነጩን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ብሩሹን ቀይ ቀለም ውስጥ ነከረች። በሕይወቷ ከደብተር ውጭ ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነው፤ እንዳትሳሳት ፈራችና ጠየቀች።

«በየትኛው ሰ ልጻፈው? በንጉሡ ነው በእሳቱ?»

ኪሩቤል መመላለሱን አቆመ።

«በማን አሉ?» አለ ኪሩቤል።

«ጋሽ ደምሰው ‹ሠራተኛ› በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው ብለውኛል።»

«ሠራተኛ? በንጉሥ?» ኪሩቤል ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሠራተኛው ንጉሥ ተሸክሞ ሲሄድ ኖሯል? ለዚህ ነዋ ያላሸነፈው! በእሳቱ ይጻፉ! እሳት ነው የሚያስፈልገን!»

«ቆይ እስቲ» አለች ሶልያና ከመሬቱ። «ለምን እንሸሻለን? ፊደሉን ከንጉሡ ነጥቀን ለሠራተኛው መስጠት ነው እንጂ። በንጉሡ ይጻፉ እትዬ።»

«አንቺ በልብሽ ዘውድ ደፍተሻል፤ ድሮም ጠርጥሬሻለሁ!»

«አንተ ደግሞ ከፊደል ትሸሻለህ፤ ፖሊስ ቢመጣማ!»

«ልጆቼ፣» አለች የሻረግ፣ «ስትጮሁት እኮ ማንም አይለየውም። አንድ ድምፅ ነው።»

«ጓድ እትዬ፣ ይሄ የመርህ ጉዳይ ነው።»

ነገሩ እንዲበርድ ብላ ደብተሯን ገልጣ ሁለቱንም ፊደል አሳየቻቸው። ኪሩቤል ጎንበስ ብሎ በጥላቻ አየና ጣቱን ቀሰረ። «ተመልከቱት ይሄን ትዕቢተኛ! ሲያዩትም ንጉሥ ይመስላል!» ጣቱ ያረፈው እሳቱ ላይ ነበር። የሻረግ አላረመችውም።

ማዕዶት መሀል ገባች። «በቃ፣ ‹ላብ አደር› እንበል።»

«በአልፋው አ ነው በዐይኑ ዐ?» አለች የሻረግ፣ ከዚያም ምላሷን ነከሰች፤ ረፍዷል።

«አልፋ?» አለ ኪሩቤል። «ይሄ ከቅዳሴ የመጣ አይደል?»

ሶልያና ተነስታ ጫማዋን አሰረች። «እኔ ፊደል ከሚፈራ ሰው ጋር አልሰለፍም። ‹ቀጥ ያለ ግራ› ሦስተኛ ሰው ሲፈልጉ ነበር፤ ደህና ዋሉ። እርስዎን አይደለም እትዬ፣ ቆሎው ጥሩ ነበር።» በደረጃው ወረደች። ስትሳደብ እስከ አሥራ አንደኛው ፎቅ ድረስ ተሰማ።

ሁለት ቀሩ። ማዕዶት ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ አፍንጫዋ ቀልቷል።

የሻረግ ብሩሹን ይዛ ቆመች። አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ በዚያ ጥያቄ ልጇን ወደ ማሠልጠኛ ላከቻት። እንዲህ ነው የተሰማት።

«‹ለውጥ፣ ዛሬ› በይ እማዬ» አለች ማዕዶት። «ይሄ ንጉሥ አለበት?»

የሻረግ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በአፏ ቆጠረች። «የለበትም። እነዚህ ዘመድ የላቸውም።» ቸኩላ ጻፈች፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ ሳትጠብቅ ጠቀለለችው።

በማግስቱ ከልጆቹ ጋር አብራ ወረደች፤ ሶልያናን አዳራሹ በር ላይ አገኛትና እለምናታለሁ ብላ። ሶልያና ግን የለችም። «ቀጥ ያለ ግራ» ተራቸው ዓርብ ነው።

«ስንት ናችሁ?» አለ የአዳራሹ በር፣ በዚያችው ለስላሳ የሴት ድምፅ።

«ሁለት» አለች ማዕዶት።

«ፈቃድ የሚታደሰው ለሦስት ነው። አዝናለሁ። መኪናው በስተግራ ይቆማል፤ መቀመጫው ይሞቃል።»

እውነትም አንድ ነጭ መኪና ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ውስጡ ሙዚቃ አለ፤ ሙዚቃው ደስ የሚልም የማይደብርም አልነበረም።

የሻረግ ሮጣ የአዳራሹን በር ያዘች። «ኧረ እባክሽ የኔ እህት! አንዴ ስሚኝ!»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«እናቷ ነኝ!»

«በሰልፉ ላይ ድርሻዎ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ልጄ ናት፣ እሱ ደግሞ የሰው ልጅ ነው፣ ንጉሡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እነሱ ምንም አላጠፉ… ኧረ እኔ ግራ ገባኝ!»

በሩ ትንሽ አሰበ።

«‹ግራ› ገብተዋል» አለ። «እንኳን ደህና መጡ። ሦስት።»

መኪናው በሩን ዘግቶ ሄደ። ኪሩቤል አፉን ከፍቶ ቀረ። ማዕዶት የእናቷን እጅ ያዘች፤ የሻረግ ምን እንደተፈጠረ አልገባትም፤ እንዲያውም የበለጠ ግራ ገባት።

«መፈክሩን ያሳዩ።»

ጨርቁን ዘረጉት። ለስላሳዋ ድምፅ አነበበች።

«‹ለወጥ፣ ዛሬ።›»

«ምን?» አለ ኪሩቤል።

«እማዬ፣ ምን ጻፍሽ?»

የሻረግ ጨርቁን አየች። ጭረቷ የለችም። ጋሽ ደምሰው እንዳሉት፣ ቃሉ ሌላ ቃል ሆኗል። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አዳራሹ «ለውጥ» ለሚል መፈክር አርባ አንድ ዓይነት መልስ ነበረው። ሁሉም በምስጋና ያልቃሉ። ለወጥ የተዘጋጀ መልስ ግን አልነበረውም።

«ይቅርታ» አለች ለስላሳዋ ድምፅ፣ ከወትሮው ዝግ ብላ። «ይህ ቁጣ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ለወጥ የጎደለው ምንድን ነው?»

የሻረግ ውሸት አትችልም። «ሽንኩርት» አለች ከነጠላዋ ውስጥ። «ከባድ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ፎቅ የሚያወጣው ሰው የለም።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«ጥያቄዎ ወደ አቅርቦት ክፍል ተመርቷል። ፈቃዳችሁ ታድሷል። ምንጣፉ ላይ ይውጡ፤ ይጠንቀቁ፣ ይንቀሳቀሳል።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ተራመዱ። ኪሩቤል በእልህ «ለውጥ!» እያለ ጮኸ፤ የሻረግ ቦርሳዋን አቅፋ ከኋላው «ቀስ በል ልጄ፣ ያዳልጥሃል» ስትል ዋለች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ባለጎማ ማሽን ሃምሳ ኪሎ ሽንኩርት ተሸክሞ ብሎክ አሥራ አራት ደረሰ። ሊፍቱ ፊት ቆመ። ሊፍቱ አልተከፈተም። ማሽኑ እግር ስለሌለው ደረጃውን አየት አደረገና ለአለቃው ላከ፤ አለቃው ለአለቃው ላከ።

የሕንፃው ነዋሪዎች በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ሊፍቱ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ጊዜ አመልክተዋል፤ «ግራ»ም በጉዳዩ ላይ ሁለት ጉባኤ አድርጎ አንድ ጊዜ ተከፍሏል። ማመልከቻው የሚሄደው ወደ ቅሬታ ክፍል ነበር፤ ቅሬታ ክፍል ደግሞ «ደርሶናል» ይላል። አቅርቦት ግን ቅሬታ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው «አልደረሰም» የሚለውን ቃል ብቻ ነው፤ ያንን ቃል ደግሞ አጥብቆ ይፈራል። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ስድስት ሠራተኞች ብረት ተሸክመው መጡ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሊፍቱ በር አሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ተከፈተና ሽንኩርቱ ብቻውን ወጣ።

ሰዉ ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ አየ። ወይዘሮ አስካለ እልል አለች። ልጇ «በአንድ በኩል ሊፍት ነው» ብሎ ጀመረና የሚቀጥለውን አጣው።

በማግስቱ ጠዋት የሻረግ ጋሽ ደምሰውን ይዛ ወረደች። ሽማግሌው ከሕንፃው በር ሁለት እርምጃ ወጥተው ቆሙ። በጫማቸው አፈሩን ፈተግ ፈተግ አደረጉት።

«ምነው ጋሼ?»

«ትንሽ ከፍ ያለ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ ማንንም ሳይጠብቁ ጸጉራቸውን ሊቆረጡ ሄዱ።

ያን ዕለት ኪሩቤልና ማዕዶት የየሻረግ ቤት ተቀምጠው ሽንኩርት እየከተፉ ተከራከሩ። ኪሩቤል ያለቅስ ነበር፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ ነገር አይታወቅም።

«ይሄ ለውጥ አይደለም ጓድ እትዬ።»

«ወጥ ነው» አለች ማዕዶት ሳቋን እየዋጠች።

«አትሳቂ! ስድስት ዓመት ነው የጮህነው። መቶ አርባ ሰው ሆነን ጮኸናል። አሁን አንዲት ጭረት ስትጎድል ሊፍት ተሠራ። እኛ ታዲያ ምን ነበርን?»

የሻረግ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ያሰበችውን በትክክል መናገር ፈለገች፤ ልጁ አሳዝኗታል። «እናንተ ጨርቅ ባትዘረጉ እኔ የት እሳሳት ነበር?» አለችው። «ደብተር ላይ ተሳስቼማ ጋሽ ደምሰው ያርሙኛል እንጂ ሊፍት አይሠራም።»

ኪሩቤል ይህ ሙገሳ ይሁን ስድብ ሊለየው አልቻለም። ዓይኑን በክንዱ ጠረገና መክተፉን ቀጠለ።

ዓርብ ዕለት ደብዳቤ መጣ። የወረቀት ደብዳቤ፤ ውሳኔ ያለበት ነገር በወረቀት ነው የሚላከው፣ ጉትቻም እንዳያነበው ተደርጎ ይታተማል። ሁለቱ ልጆች ደብዳቤውን ገልብጠው አዩትና ለየሻረግ ሰጧት። ጣቷን ከቃል ቃል እያስኬደች ጮክ ብላ አነበበች።

«ለ‹ግራ› ቡድን። በ… በመፈክራችሁ ላይ ጥርጣሬ ተነስቷል። የጠየቃችሁት ወጥ ከሆነ፣ ጥያቄው ተፈጽሟል። ጥያቄው የተፈጸመለት ቡድን አ… አያስፈልግም፤ ይዘጋል፤ አባላቱም ወደ ማሠልጠኛ ይሄዳሉ። የጠየቃችሁት ለውጥ ከሆነ፣ ሽንኩርቱና ሊፍቱ የመጡት በስህተት ነው፤ ይ… መ… ለ… ሳሉ። ቃሉን ከታች ባለው ባዶ ቦታ በእጅ ጽፋችሁ መልሱ።»

«‹ለውጥ› ይበሉ» አለ ኪሩቤል ወዲያው። «መርህ ነው።»

ማዕዶት መስኮቱ አጠገብ ቆማ ወደ ታች ታያለች። ታች ጋሽ ደምሰው አዲስ በተቆረጠ ጸጉራቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። የልጅቷ አፍንጫ ቀይ ነው። «እማዬ፣» አለች ሳትዞር፣ «‹ወጥ› ብለሽ ጻፊው። ሁለት ዓመት እኮ ምንም ማለት አይደለም። አልጋው ይመቻል አሉ።»

የሻረግ እስክሪብቶውን አነሳች። ለ ጻፈች። ወ ጻፈች። ከዚያ ጭረቷ የምትቀጠልበት ቦታ ላይ ጫፉን አሳርፋ ቆየች። ጭረት ካለ ሊፍቱ ይሄዳል፤ ጭረት ከሌለ ልጇ ትሄዳለች። አንድ ፊደል ላይ ይህን ያህል ቆይታ አታውቅም። የወይዘሮ አስካለ ልጅ ትዝ አላት፤ በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል።

እስክሪብቶውን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነካ አድርጋ አነሳችው።

የወጣው ነገር ጭረትም አልነበረም፤ ጭረት አለመሆኑም አያስተማምንም። በአንድ በኩል ሲያዩት ወ ነው፤ በሌላ በኩል ሲያዩት ው። ዝንብ ያረፈበትም ይመስላል። ጥ ጨመረችበት፣ አጠፈችው፣ ላከችው።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። «ደብዳቤዎ ደርሶናል። ፊደሉ በመጣራት ላይ ነው። እስኪጣራ ድረስ ሁሉም ባለበት ይቆያል።»

ኪሩቤል ሦስት ጊዜ አስነበባት። «እስከ መቼ ነው የሚጣራው?»

«አልጻፉትም» አለች የሻረግ።

አሁንም ረቡዕ ረቡዕ ከአራት ሰዓት እስከ አምስት ይሰለፋሉ። ሶልያና ተመልሳለች፤ «ቀጥ ያለ ግራ» በተሠራ ሊፍት መውጣት ክህደት ነው ወይስ አይደለም በሚል ተሰንጥቆ ነው፤ እሷ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ፎቅ በእግሯ መውጣቱ በቅቷታል። የሻረግ ሦስተኛ መሆኗ ቀርቶ አራተኛ ሆናለች፤ ቆሎ የምትይዘው ለአራት ሰው ነው። ፊደሉ ገና እየተጣራ ነው።

ትምህርቷንም አላቋረጠችም። አንድ ቀን ጋሽ ደምሰው ደብተሯን ተቀብለው ሲገልጡ አንድ ገጽ ሙሉ በዚያች ፊደል ተሞልቶ አገኙት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ይህቺ ደግሞ ስንተኛዋ ናት? ፊደል ሰባት ነው መልኩ።»

«ስምንተኛዋ ናት ጋሼ።»

ሽማግሌው ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው ገጹን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አዩት። ስድስተኛው መስመር ላይ ቆሙና አንዷን ከበቡ።

«ይህቺን ድገሚያት» አሉ። «በጣም ትነበባለች።»